የመስከረም አንዱ ፋይል

ቀናተኛ ሰው ነኝ። ልሸፋፍነው ብል የሚያውቁኝ ይስቃሉ። እናቴ እንኳ «ይኼ ልጅ የወንድሙን ሳህን ሲያይ የራሱ ወጥ ይቀዘቅዝበታል» ትል ነበር። አንዱ በመጠጥ ይጎዳል፣ አንዱ በቁማር ይጎዳል፤ እኔን የጎዳኝ የሰው ሳህን ማየት ነው። ይኼን የምጽፈው ግን ስለ እኔ ጉዳት አይደለም። እኔ ስለጎዳኋት አንዲት ሴት ነው።

ያኔ ኢስትሊ ነበርኩ፤ ናይሮቢ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። ከታች ጨርቅ ሻጮች፣ ከላይ አልጋ ቤት ያለበት ሕንፃ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ የአገር ቤት ቴሌቪዥን እየቀዳሁ ለሐበሻው አከራይ ነበር። ጣሪያው ላይ፣ ከውሃ ታንከሮቹ መሀል፣ ዲሽ ተክያለሁ። ድራማው፣ የበዓል ዝግጅቱ፣ ኳሱ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው። ከከተማው ማዶ፣ ከሳውዝ ሲ ሳይቀር በማታቱ ታክሲ እየመጡ ካሴት ይወስዱ ነበር። ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ «የቪዲዮው ጋሼ!» ይለኛል፤ እኔም ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ።

ከዚያ ሰው ሁሉ የቻይና ዲስክ ማጫወቻ ገዛና ካሴቶቼ የአቧራ ሲሳይ ሆኑ። ኮምፒውተር ገዛሁ፤ ግን ከማብራትና ከማጥፋት ያለፈ አላውቅበትም። በዚህ መሀል ነው በሞያሌ በኩል የመጣ አንድ የፊዚክስ መምህር እዚያው ፎቅ ላይ አልጋ የያዘው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ «ይቅርታ» ከአፉ የማይጠፋ ሰው። አንድ ቀን በሬ ላይ ቆሞ ኮምፒውተሩን አየና «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሥራ ፈቶ ነው የተቀመጠው» አለኝ። በሳምንቱ ከሳተላይት መቀበያው ወደ ኮምፒውተሩ ገመድ ስቦ መቅዳት ጀመረ። እኔም አብረን እንሥራ አልኩት። በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት፤ ማንንም አልወቅስም።

ሥራው እንዲህ ነው። ከቴሌቪዥን የሚቀዳው ፋይል በጣም ትልቅ ነው፤ የሰዉ ማጫወቻ ደግሞ እንዳለ አይቀበለውም። «ይኼ ጥሬ እህል ነው» ይል ነበር መምህሩ። «ማጫወቻው የሚበላው ዱቄት ነው። እኛ ወፍጮ ቤት ነን፣ ጋሼ።» አዲስ ማጫወቻ ላለው በዲቪዲ፣ አሮጌ ላለው በቪሲዲ፣ ኮምፒውተር ላለው ደግሞ በሌላ ዓይነት ይቀይርለታል። ኮንቨርት ማድረግ እንለዋለን። የአንድ ሰዓት ፕሮግራም አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል። መሀል ላይ ስቲማ ከሄደ፣ መብራቱን እዚያ አገር እንደዚያ ነው የምንለው፣ ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

የእኔ ሥራ ማጽዳት ነበር። ኮምፒውተሩ ቶሎ ስለሚሞላ፣ ሁለት ወር ያለፈውን ፋይል በየሰኞው አጠፋለሁ። መምህሩ ያስተማረኝ ያቺን ብቻ ነው። ሌላውንም ሊያሳየኝ አልሰነፈም፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ደንበኛው በሬን ከፍቶ፣ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እያየ፣ «መምህር የለም?» ሲል ስሰማ፣ ከእሱ እግር ሥር ቁጭ ብዬ ለመማር ኩራቴ እምቢ አለኝ። የገዛ ቤቴ ውስጥ እኮ ነው! ዲሹን የተከልኩት እኔ፣ ኪራዩን የምከፍለው እኔ፣ የሚፈለገው እሱ።

ልብስ ሰፊዋ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ፣ ደረጃው አጠገብ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሠራ ነበር። ብቻዋን ነው የምትኖረው። አገር ቤት ሴት ልጅ አለቻት፤ በሦስት ዓመቷ ለአያቷ ትታት የወጣች፣ አሁን ሰባት የሞላት። እኔ በዚህች ሴት ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ደህናውን ሱሪዬን ሳሳጥርና መልሼ ሳስረዝም ኖሬአለሁ። እሷ ትስቅና «ጋሼ፣ የእርስዎ ቁመት ደግሞ ይለዋወጣል እንዴ?» ትለኛለች። ጋሼ! ብበልጣት ስምንት ዓመት ነው። መምህሩን ግን በመጣ በወሩ «አንተ» አለችው። እሱን «አንተ»፣ እኔን «እርስዎ»። ለሌላው ሰው ይኼ ክብር ነው። እኔ ደረጃውን በወጣሁና በወረድኩ ቁጥር እሱን ሳመነዥክ እውል ነበር።

ጳጉሜን ላይ ከአዲስ አበባ ተደወለላት። ልጇ ከትምህርት ቤቷ ልጆች ጋር ተመርጣ፣ በእንቁጣጣሽ ጠዋት በቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ላይ ልትዘምር ነው። ሴትዮዋ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። እኔ በር ላይ ቆሜአለሁ። ምነው ምን ሆንሽ ልላት አፌን ስከፍት፣ በጎኔ ሹልክ ብላ መምህሩ ፊት ቆመች።

«አደራህን!» አለችው እያለከለከች። «ልጄን ቅዳልኝ። የዚያን ዕለት የመኖሪያ ወረቀት ቀጠሮ አለብኝ፤ ከቀረሁ ሌላ ዓመት ነው የምጠብቀው። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል አሉ። ፎቶ ሲያነሷት አፏን ግጥም ነው የምታደርገው፣ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። ሳይበቅሉ ልያት!»

«ችግር የለም፣ አይዞሽ» አላት እሱ።

በእኔ ዲሽ፣ በእኔ ኮምፒውተር፣ አደራ የሚባለው እሱ! ከሁለት ዓመት ሱሪ በኋላ!

እንቁጣጣሽ ናይሮቢ ውስጥ እንደማንኛውም የሥራ ቀን ነው። ጠዋት ሁለታችንም ስክሪኑ ፊት ቁጭ አልን። ልጆቹ ተሰልፈው ገቡ። ከዳር ሦስተኛዋ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ናት፤ ቁርጥ እናቷን። መምህሩ «እሷ ናት! ጋሼ፣ እሷ ናት!» ብሎ ብድግ አለ። ትንሿ ልጅ አፏን በእጇ ልትሸፍን ትጀምርና ዘፈኑ ሲደርስባት ትረሳዋለች፤ ያኔ ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቿ የነበሩበት ቦታ ወለል ብሎ ይታያል። እኔም አልዋሽም፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብያለሁ። መምህሩ ቅጂው ሲያልቅ ፋይሉን 01-01 ብሎ አስቀመጠው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እሱ ገና አገር ቤት እንዳለ ነው የሚቆጥረው፤ መስከረም አንድ ለእሱ የመጀመሪያው ወር የመጀመሪያ ቀን ነው። እኔ ደግሞ ከአከራይና ከፈቃድ ሰጪዎች ጋር በጃንዋሪና በፌብሯሪ ስነታረክ ስለኖርኩ የራሴን ፋይሎች በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አንዲት ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ዘመን ተደባልቆ ይኖር ነበር። «ይኼ የአንተ ወር ነው የእኔ?» እየተባባልን ስንት ጊዜ ስቀናል።

ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ከቀጠሮዋ ተመልሳ መጣች። ክፍሉ የበዓሉን ዝግጅት በሚጠብቁ ወንዶች ጢም ብሏል። መምህሩ ፋይሉን ሊከፍትላት እጁን ሲዘረጋ፣ ዓይኗን በሻርፗ ሸፈነች።

«ዝጋው! ዝጋው! እዚህ አይደለም» አለች። «ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ዘግቼ ነው የማያት። ማልቀሴ አይቀርም፤ የሰው መሳቂያ አልሆንም።»

ቤቷ ያለው ማጫወቻ ደግሞ አሮጌ ነው፤ ከቪሲዲ ሌላ ምንም አይበላም። ስለዚህ መፈጨት ነበረበት። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የከሰዓቱን የበዓል ዝግጅት ስለሆነ የልጆቹ ፕሮግራም ወረፋ ጠበቀ። ተራው ደርሶ ሲጀመር፣ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ስቲማ ሄደ። በማግስቱ እንደገና ተጀመረ፤ እንደገና ሄደ።

ሴትዮዋ በየቀኑ ሥራዋን አቋርጣ ትወጣለች። «ደረሰ?» እሱ «ይቅርታ» ይላል። እሷ ደግሞ «ፖሌ፣ ምን ታደርግ» ብላ፣ እንደ አገሬው ሰው በስዋሂሊ አይዞህ እያለች፣ መልሳ እሱኑ ታጽናናለች። ከዚያ አጠገቡ በርጩማ ስባ ትቀመጥና ሁለቱም ያንን በመቶኛ የሚቆጥር አረንጓዴ መስመር ያያሉ። እኔ ማዶ ሆኜ ማንም የማይጠይቃቸውን ካሴቶች በተራ አስቀምጣለሁ፣ አፈርሳለሁ፣ እንደገና አስቀምጣለሁ። ጆሮዬ ግን እዚያ ነው። በቀስታ ያወራሉ። ይስቃሉ።

«ምንድነው እንዲህ የሚያስቃችሁ?» አልኩ አንድ ቀን፣ የምስቅ መስዬ።

«ኧረ ምንም፣ ጋሼ» አለች።

ምንም! ቀናተኛን እንደ «ምንም» የሚያቃጥለው ነገር የለም። አንድ ነገር ቢሉኝ እኮ አስበው ነበር፣ ይወጣልኝ ነበር። «ምንም»ን ይዤ ቀኑን ሙሉ ስገላብጠው ዋልኩ።

ቅዳሜ ዕለት መለኪያዋን አንገቷ ላይ አድርጋ መጣችና «ቁም እስቲ» አለችው። ትከሻውን ለካች። ክንዱን ለካች። አንገቱ ላይ ስትደርስ እሱ እንደ ተማሪ አቀርቅሮ ነበር። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ሸሚዝ ይዛ መጣች። «ለልፋትህ ነው» ብላ፣ ከላይ አስለብሳው፣ ኮሌታውን በሁለት እጇ አስተካከለችለት። ዓይኔ ደም ለበሰ። ለእኔ እኮ ቁልፍ እንኳ በነፃ ተክላልኝ አታውቅም!

መምህሩ ያንን ሸሚዝ እንደለበሰ ምድር ቤት ወረደ። አንዱ ጨርቅ ሻጭ ለሐሙስ ጄኔሬተሩን እንዲያውሰው ሊለምን ነው፤ በጄኔሬተር ከተሠራ ስቲማ ሄደ መጣ ጣጣ የለውም። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ሰኞ ነው፣ የማጽጃ ቀኔ። ስክሪኑ ፊት ተቀመጥኩ። ከዝርዝሩ መሀል 01-01 ተቀምጣለች።

አውቅ ነበር። ሳልሸፋፍን ልናገረው፤ የመስከረሙ መሆኑን ልቅም አድርጌ አውቅ ነበር። ተጫንኩት። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገባ። እሱንም ባዶ አደረግሁ፤ እንደገና እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ። ሰው እንኳ ሰውን እንዲህ አጥብቆ አይጠይቅም። አዎ አልኩ።

ምን አስቤ ነው? ሐሙስ ትመጣለች፣ እሱ «ይቅርታ» ይላታል፣ በዚህ ጊዜ ግን «ፖሌ» አትለውም። ይኸው ነው። አንድ ቀን ፊቷ ሲጠቁርበት ማየት ነበር የፈለግሁት። ልጅቷ ትዝ አላለችኝም። ትዝ ብላኝ ባደርገው ክፉ ነኝ እል ነበር፤ ጭራሽ ትዝ አለማለቷ ከዚያ ይብሳል።

ሐሙስ ጄኔሬተሩ በረንዳው ላይ ሲያጓራ ሴትዮዋ የስፌት መኪናዋን ሸፍና መጣች። ዛሬ ይዛው ልትገባ ነው። መምህሩ ፈለገ። ወደ ላይ ወደ ታች አለ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ 01-01 የሚል ፋይል አይተዋል?»

መልሱ ከሰኞ ጀምሮ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። «01-01? የጃንዋሪው? እስካሁን ሳይጠፋ ተረስቶ አገኘሁትና ሰኞ አጽድቼዋለሁ፣ ስምንት ወር ያለፈው አይደል እንዴ?» አልኩና ራሴን ያዝኩ። «ወይኔ! መስከረም ነበር እንዴ?»

ማንም አልጠረጠረኝም። እንዴት ይጠርጥሩኝ? እዚያ ያለን ሐበሻ ሁሉ የሠራናት ስህተት ናት። በወሩ ተሳስቶ ቀጠሮ ያለፈበት ስንቱ ነው! እሷ ራሷ አንድ ጊዜ ለክርስትና የታዘዘ ልብስ ቀኑ ካለፈ በኋላ ያደረሰችው በዚሁ ምክንያት ነው። እኔም ይኼን አውቄ ነው የተደበቅሁበት። አሁን ወደ እሱ ዞራ ትቆጣዋለች ብዬ ጠበቅሁ።

እሱ ቀደማት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «አሥራ አንድ ዓመት እዚህ የኖረ ሰው ጃንዋሪ ብሎ ነው የሚያነበው። በአገር ቤት አቆጣጠር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሼን እንዳትቀየሚያቸው፣ በእናትሽ።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ጄኔሬተሩ ያጓራል። «አያቷ ትናንት ስልክ ላይ ጥርሷ ብቅ ብሏል አለችኝ» አለች። ከዚያ ተነሥታ ወረደች። ስንቱ ዘመድ ተጠየቀ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የቀዳ ሰው አልተገኘም።

መምህሩ የጠፋ ፋይል የሚያስመልስ ነገር ከኢንተርኔት ቤት አምጥቶ ሦስት ቀን ታገለ። የሚበላው እንኳ ሳላመጣለት አልቀረሁም፤ የበደለ ሰው ደግነት ይበዛበታል። በሆዴ እንዲሳካለት እመኛለሁ። ቢሳካለት ደግሞ ምን ያህል እንደምትወደው ሳስብ እንዳይሳካለት እመኛለሁ። ወይ እኔ! እንደዚያ ቆስዬም ቅናቴ አልሞተም ነበር።

እሑድ ከሰዓት ከዚያ ሁሉ ፕሮግራም ቁራጭ ተገኘ፤ ጥቂት ሴኮንዶች። ወደ ቪሲዲ ቀይሬ ልስጥሽ ቢላት «አይሆንም፣ ደግሞ ይጥፋብኝ? እዚሁ ልየው» አለች። የሚከራዩ ወንዶች ነበሩ፤ አልጠየቀቻቸውም፣ ግን አንድ በአንድ ወጡ። እኔ ከኋላዋ ቆምኩ።

ድምፁ ደህና ነው፤ ልጆቹ ሲዘፍኑ ይሰማል። ሥዕሉ ግን ተቆራርጧል። የላይኛው ግማሽ ሁሉ ትልልቅ አራት ማዕዘን ሆኖ ይርገበገባል፤ ከደረት በታች ብቻ ነው የሚታየው። ከዳር ሦስተኛ ላይ ቢጫ ቀሚስ አለ። ፊት የለውም።

አላለቀሰችም። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋችና ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ከቀሚሱ ጫፍ ከፍ ብሎ በሚታይ አንድ የደበዘዘ መስመር ላይ አሳረፈች።

«ቅምቅማቱን ፈትተውታል» አለች።

እኔም መምህሩም አልገባንም።

«እኔ ነኝ የሰፋሁት። ከሁለት ዓመት በፊት በሰው የላክሁት ነው። ስታድግ እንዲለቁላት ብዬ አራት ጣት አጥፌ ነው የቀመቀምኩት። ያውና የድሮው እጥፍ።» አራት ጣቷን አጣብቃ የገዛ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «አራት ጣት። ልጄ አራት ጣት አድጋለች።»

ደጋግማ አስከፈተችው። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያኔ ሲቀዳ አይተዋታል አይደል? ጥርሷስ?»

«የላይኞቹ ሁለቱ የሉም» አልኩ። «በእጇ ልትሸፍን ትልና ዘፈኑ ሲመጣ ትረሳዋለች።»

ሳቀች። ከዚያ ያ የፈራችው ለቅሶ መጣ፤ በሻርፗ አልሸፈነችውም። «ይድገሙልኝ» አለች። ደገምኩላት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። በየመሀሉ ሌላው ነገር፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት የሚለው፣ ልናገረው እያልኩ እተወው ነበር። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

ሳምንት ሳይሞላ በሬን አንኳኳች። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ከዚያ ቀን ወዲህ ፊትዎ ልክ አይደለም» አለችኝ። «በቃ አይዘኑ፣ ጋሼ። አውቀው አላደረጉት። ይቺን ይልበሱልኝ።»

ግራጫ ሸሚዝ ነው። በሬን ዘግቼ ለበስኩት። ትከሻው ልክክ። እጅጌው ልክክ። አንገቱ ላይ ሰፋ አለማለቱ፣ ጠበብ አለማለቱ። መለኪያዋ እኮ ከወገቤ በላይ ነክቶኝ አያውቅም! መምህሩን ያን ያህል ደቂቃ አቁማ የለካችውን፣ የእኔን በዓይኗ ታውቀዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ደረጃው ላይ ስመላለስ ታየኝ ነበር ማለት ነው። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሸሚዙን እንደለበስኩ ቀረሁ።

ባልለብሰው ትጠይቀኛለች፤ በማግስቱ ለብሼው ወጣሁ። መምህሩ ስክሪኑ ፊት ነበር። የራሱን ፋይሎች አንድ በአንድ እየከፈተ፣ ጋሼ ዳግመኛ እንዳይሳሳቱ ብሎ፣ ስማቸውን በሙሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እየቀየረ ነው። ዞር ብሎ አየኝና ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ አመረብዎት!» አለኝ። ከልቡ ነበር።